ሙሉ ግቢ ወይስ ደባል?

(ስለ ድረ ገጽ ማደሪያና ስለ ሰርቨር፤ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል እኔን መርጦ ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፤ ዕውቀቴ ከዕድሜዬ የማይበልጥ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቄ ነበር። ዳሩ ግን «ያየኸውን ተናገር እንጂ ያላየኸውን ተናገር አላልንህም» ስለ ተባልሁ፤ ያየሁትንና ያነበብሁትን ያህል ለመናገር ቀርቤአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡና ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ ታላላቅ ወንድሞቻችን ለበዓሉ ስጦታ አስበው፤ ለትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ማደሪያ የሚሆን አንድ ሙሉ ሰርቨር፤ ይኸውም ዴዲኬትድ ሰርቨር የሚባለውን፤ የአንድ ዓመት ኪራዩን ሊከፍሉልን ፈቃዳቸውን በደብዳቤ ገልጸውልናል። ደብዳቤው በተነበበ ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን። ከጭብጨባው በኋላ ግን ከወላጆች ኮሚቴ አንድ አባት ተነሥተው፤ «ልጆቼ፤ የተሰጠን ነገር ምንድር ነው? በመኪና ነው ወይስ በጀልባ የሚመጣው? ከመጣስ የት እናስቀምጠዋለን?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዶቻችን ሣቅን። መሣቃችን ስሕተት ነበር፤ ከሣቅነው መካከል ጥያቄውን አጥርቶ የመለሰ አንድ ሰው ስንኳ አልተገኘምና።

እንግዲህ መልሱን ከዚያ ልጀምር። ሰርቨር ቃሉ እንደሚያመለክተው አገልጋይ ማለት ነው። በመሠረቱ ኮምፒዩተር ነው፤ እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር፤ ራምና ዲስክ አለው። ከእኛ ኮምፒዩተሮች ይልቁንም የሚለየው በሥራው ነው። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ በርቶ ከሩቅ የሚመጣለትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ ይልካል። አንድ ሰው ጎንደር ላይ ሆኖ በስልኩ የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ ቢከፍት፤ ገጹ አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቀውም። ስልኩ ወደ ሰርቨሩ «ይህን ገጽ ስጠኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩም ጽሑፉንና ፎቶግራፉን በመስመር ይሰድለታል። ስለዚህ ለእኚያ አባት የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዕቃው በመኪናም በጀልባም አይመጣም። ጀርመን ወይም አሜሪካ አገር፤ ከሺህ ወንድሞቹ ጋር በመደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ለእኛ የሚደርሰን አድራሻውና ቁልፉ ብቻ ነው።

የዓለም የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በጄኔቭ አጠገብ፤ ሴርን በተባለው የምርምር ድርጅት፤ ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የሠራበት አንድ ኮምፒዩተር ነበር። በላዩም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ አታጥፉት» የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ፤ «እኛስ በላቦራቶሪ ካሉት ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ እንዲሁ ጽፈን ብንለጥፍበት ምን ይጎድለናል? ኪራይ ለምን እንከፍላለን?» አለኝ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በላቦራቶሪያችን ኮምፒዩተሩን የሚያጠፋው ተማሪ ብቻ አይደለም። የሐይቃችን ውኃ በዋሻ ተመርቶ የሚያንቀሳቅሰው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ኃይል እንዳለው በክፍል ተምረናል፤ ሆኖም ክረምት በበረታና ነጎድጓድ በበዛ ጊዜ ደልጊ ላይ መብራት ይጠፋል። ተማሪ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ይታዘዝ ይሆናል፤ መብራት ግን ማንበብ አይችልም። የሰርቨር አዳራሾች ባትሪና ጄኔሬተር፤ ማቀዝቀዣ፤ ከአንድ በላይ የሆነ የኢንተርኔት መስመርና ሌሊት የማይተኛ ዘበኛ አላቸው። የምንከራየውም ለዚህ ነው።

የኪራዩን ዓይነት ለማስረዳት ከሕይወታችን ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። እዚህ ከተቀመጥነው ተማሪዎች ብዙዎቻችን ከየገጠሩ ቀበሌ ስንቃችንን ይዘን መጥተን፤ በደልጊ ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ደባልነት ምን እንደ ሆነ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንደኛው የድረ ገጽ ማደሪያ ደባልነት ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ መቶ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበዙ ድረ ገጾች አብረው ያድራሉ። ዋጋው በወር ጥቂት ዶላር ነው። ቤቱን የሚጠርገው፤ በሩን የሚዘጋው፤ ጣራው ሲያፈስ የሚጠግነው አከራዩ ነው። ጉዳቱ ግን አንዱ ደባል ድግስ ሲደግስ ሌላው እንቅልፍ ማጣቱ ነው። በአንዱ ድረ ገጽ ላይ ሰው ሲበዛ የሌሎቹ ይዘገያሉ። ሁለተኛው ቪ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ሲሆን፤ አንዱ ትልቅ ቤት በግድግዳ ተከፍሎ ለየተከራዩ የራሱ ቁልፍና የራሱ ቆጣሪ የተሰጠው ያህል ነው፤ መሠረቱና ጣራው ግን አንድ ነው። ሦስተኛው ወንድሞቻችን ያሰቡልን ሙሉ ግቢው ነው። የራስን ማሽን ገዝቶ በሰው አዳራሽ ማስቀመጥም አለ፤ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ የተባሉት ኩባንያዎች በአዲስ አበባ በአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የከፈቷቸው ማዕከሎች ለዚህ ያገለግላሉ፤ ይህ ግን የባንኮችና የታላላቅ ድርጅቶች ጉዳይ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

ሙሉ ግቢ የተከራየ ሰው ምን ያገኛል? ፕሮሰሰሩም ራሙም ዲስኩም የእርሱ ብቻ ነው። የጎረቤት ድግስ አያውከውም፤ በጎረቤት በኩል የሚገባ ሌባም አያሠጋውም። የወደደውን ፕሮግራም ይተክላል፤ ያልወደደውን ይነቅላል፤ ከልካይ የለበትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በሻጮቹ ማስታወቂያ ላይም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ግን ግቢው ባዶ መሆኑ ነው። ገብቶ ሊኑክስን የመሰለ ሥርዓት ማስተካከል፤ ገጹን የሚያቀብለውን ፕሮግራም መጫን፤ አላስፈላጊውን በር ሁሉ መዝጋት፤ አዲስ የደኅንነት ማረሚያ በወጣ ቁጥር መትከል የተከራዩ ሥራ ነው። አዲስ ሰርቨር ገና በተከፈተበት ቀን፤ በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን የሚዞሩ የሌባ ፕሮግራሞች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ፤ የይለፍ ቃሉን እየገመቱ ይሞክራሉ። ትምህርት ቤቱ ደልጊ መሆኑን፤ የሚሰረቅ ነገርም እንደሌለን አያውቁም፤ ቢያውቁም አይተዉም፤ የሚፈልጉት ግቢውን ይዘው ከዚያ ሆነው ሌላውን መስረቅ ነውና። ጥበቃውን ጭምር የሚሸጡ አከራዮች አሉ፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ ግቢው ለምን ያህል ሰው እንደሚያስፈልግ በሒሳብ እንመልከት። ሒሳብ ሲነሣ ፊታቸውን የሚያዞሩ ጓደኞቼ ጥቂት ይታገሡኝ። 300 ፎቶግራፎች ቢኖሩንና እያንዳንዳቸው 3 ሜጋባይት ቢሆኑ ጠቅላላው 900 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። በቀን 500 ሰዎች መጥተው እያንዳንዳቸው 2 ሜጋባይት ቢያነቡ በቀን 1 ጊጋባይት፤ በወር 30 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ይህን ደባሉ ክፍል ያለ ችግር ይሸከመዋል። በቀን 500 ሰው ማለቴም ደፍሬ ነው።

ሙሉ ሰርቨር፤ እንዲያውም ብዙ ሰርቨሮች፤ የሚያስፈልጉበት ቀን የትኛው እንደ ሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ከ600 ሺህ በላይ ነበሩ። 600 ሺህ ሰው ውጤቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ልይ ቢል በሴኮንድ 167 ያህል ጥያቄ ይደርሳል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልይ ቢል ደግሞ በሴኮንድ 1000 ይሆናል። ይህም አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቅ ነው። እኛ ግን አንድ ጊዜ ጠይቀን መቼ እንቀመጣለን! ገጹ ሲዘገይ ደግመን እንነካለን፤ አባት በስልኩ፤ አጎት በስልኩ፤ እኅት በስልኳ ይነካሉ፤ በዚያም ሸክሙን እኛው ራሳችን እናበዛዋለን። እንዲህ ያለ ጎርፍ ለሚመጣበት ሥራ ሙሉ ግቢ ይገባል። የእኛ ድረ ገጽ ግን ጎርፍ የሚያየው፤ ምናልባት፤ ይህ የበዓል መጽሔት በሚወጣበት ሳምንት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት የለቀምሁት ነው። አሁን የምናገረው ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ ኮሚቴውም እኔን የመረጠኝ ስለዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ወደዚህ ስመጣ፤ በዚያ የለመድሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እርሱም መዝገብ መያዝ ነው። ስለዚህ 10ኛ ክፍል ሳለሁ የተማሪዎች ክበብ ትንሽ ድረ ገጽ በከፈተ ጊዜ የድሮ ፎቶግራፎችን የመሰብሰብ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በዕቃ ቤት በካርቶን ውስጥ የነበሩትን የየዓመቱን የክፍል ፎቶግራፎች አንድ በአንድ በስልኬ አነሣሁ። ወደ ድረ ገጹም ሰቀልኋቸው። ከዚያ በኋላ ስልኬ ቦታ ስለ ጠበበው፤ «ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ምን ይሆናል» ብዬ ከስልኬ ደመሰስኋቸው። በዚያው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣራ አፈሰሰና ካርቶኑ በሰበሰ። እኔም ብዙ አላዘንሁም፤ ኢንተርኔት ላይ ናቸዋ!

የድረ ገጹ ስምና ኪራይ የተመዘገበው ግን የዚያን ዓመት 12ኛ ክፍልን በጨረሰ በአንድ ወንድማችን ኢሜይል ነበር። እርሱ ወደ ሌላ አገር ለሥራ ሄደ፤ ስልኩን ለወጠ፤ የኢሜይሉም የይለፍ ቃል ጠፋበት። «ኪራዩ ሊያልቅ ነው» የሚለው ደብዳቤ ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ተከማቸ። በመስከረም ስንመለስ ድረ ገጹ የለም። አከራዩን በጻፍንለት ጊዜ ውሉ እንዳለቀና የተጠበቀው ቀን እንዳለፈ፤ ዕቃውም እንደ ተሰረዘ በትሕትና መለሰልን። ያን ወንድማችንን ማንም እንዳይወቅሰው እለምናለሁ። በእርሱ ስም ያስመዘገብነው እኛ ነን።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት እዚህ ተምሮ፤ በኋላ በሕመም የሞተ ነው። የልጁ ፎቶግራፍ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በስልክ እንደሚታይ ዘመዶቻቸው ከጎንደር ነግረዋቸው ነበርና እንዳሳያቸው ለመኑኝ። እኔ ያን ፎቶግራፍ አስታውሰዋለሁ፤ በሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ላይ ቆሟል። እርሳቸውን ግን የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። የጠፋው እስከ መጨረሻው እንደ ጠፋ ለመናገር አልደፈርሁም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኋቸውም።

በዚያ ምሽት ለቤት አከራዬ፤ እማማ ብዬ ለምጠራቸው አሮጊት፤ ነገሩን አወራኋቸው። ስለ ሰርቨርም ስለ ዲስክም አልጠየቁኝም።

«ቤቱ በማን ስም ነበር የተያዘ፤ ልጄ?» አሉኝ።

«አምና ተምሮ በወጣ ልጅ ስም ነበር፤ እማማ።»

«እህ! እንግዲያ ቤቱ የትምህርት ቤቱ መቼ ነበረና!» አሉ።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ካነበብሁት ሁሉ ይህ ንግግር ይበልጣል። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማሽኑ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ ነው፤ ራሙ ስንት ነው፤ ዲስኩ ስንት ነው እንላለን። ትምህርት ቤት ግን ከሌላ ባለ ድረ ገጽ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ሥራውን የሚያውቁት ልጆች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይሄዳሉ። ሙሉ ሰርቨር ደግሞ በየሳምንቱ የሚያየው፤ ሌሊት ቢታመም የሚነሣለት ሰው ይፈልጋል። ዘንድሮ በክበባችን ሊኑክስ የሚሞክሩ ሦስት ልጆች አሉ፤ ሦስቱም 12ኛ ክፍል ናቸው። በመስከረም ሰርቨሩ በርቶ ይቀመጣል፤ እኛ ግን አንኖርም።

ደግሞም ማሽኑ ትልቅ መሆኑ ዕቃውን ከጥፋት አያድነውም። በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦ.ቪ.ኤች. የተባለው ታላቅ የሰርቨር አከራይ ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ ማዕከሉ በእሳት ወደመ። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ሙሉ ሰርቨር የተከራዩም ነበሩባቸው። ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀመጡት በቀናት ውስጥ ተመለሱ፤ ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡት ግን ሁለቱንም አጡ። ሻጮች «ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተካል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም ተማሪ በስሕተት አንድ ፎቶግራፍ ቢሰርዝ ከሁለቱም ዲስኮች በአንድነት ይሰረዛል። ቅጂ የሚባለው ከዚያ ቤት ውጭ፤ በሌላ ቁልፍ የተቀመጠ ነው።

ስለ ገንዘቡም ሳልናገር ባልፍ ወላጆች ይታዘቡኛል። የሙሉ ሰርቨር ኪራይ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ50 ዶላር ግድም እስከ ብዙ መቶ ዶላር በየወሩ ይከፈላል። በወር 60 ዶላር እንበል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበርና 60 ዶላር 3420 ብር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፤ ያው ማሽን፤ አንዲት ብሎን ሳይጨመርበት፤ ከ6000 ብር በላይ ሆነ። ወንድሞቻችን የሚከፍሉልን የአንድ ዓመቱን ነው። በሁለተኛው ዓመት ሒሳቡ ለእኛ ይመጣል፤ ባንከፍል ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬአለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፤ ውጭ አገር ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ በርተው ነበር። በዋሽንግተን ያለ ሰው የፈለገውን ገጽ ሲያነብ፤ ደልጊ ያለው ግን የራሱን ከተማ ወሬ በስልኩ ሊያነብ አልቻለም። ትልቅ ሰርቨር መከራየት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ስለዚህ ፎቶግራፎቹ በዚህ በቤተ መጻሕፍታችንም፤ በዲስክና በወረቀት፤ ሊኖሩ ይገባል እላለሁ።

በዚህ መሠረት ክበባችን ተሰብስቦ ለወንድሞቻችን የመልስ ደብዳቤ አርቅቋል፤ ዲሬክተሩም ተመልክተውታል። ስጦታውን በታላቅ ምስጋና እንቀበላለን፤ ነገር ግን መልኩን እንዲለውጡልን እንለምናለን። ሙሉ ሰርቨር በመከራየት ፈንታ፤ መጀመሪያ የድረ ገጹ ስም በኢ.ቲ. የሚያልቅ ሆኖ በትምህርት ቤቱ ስምና በጽሕፈት ቤቱ ኢሜይል ይመዝገብ። ሁለተኛ የደባል ክፍል ለብዙ ዓመት ይከፈልበት፤ የአንባቢው ብዛት በየወሩ ይጻፍ፤ ቢጠብበን ወደ ቪ.ፒ.ኤስ.፤ ከዚያም የሚጠብቀው ሰው በደመወዝ በተቀጠረ ጊዜ ወደ ሙሉ ሰርቨር እንሄዳለን። በተረፈው ገንዘብ ሁለት ዲስክ ይገዛ፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፤ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በዲሬክተሩ ካዝና ይኑር፤ ሁለት መምህራንም ይወቁት። ከሚሄዱ ተማሪዎች አንድ ስንኳ ብቻውን እንዳይዘው፤ እኔንም ጨምሮ።

አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ደብዳቤ አልተደሰቱም። «የራሳችን ሰርቨር አለን» ማለት እንደሚያኮራ አውቃለሁ፤ እኔም ሊኑክሱን በሙሉ ማሽን ላይ ለመማር ምኞት ነበረኝ። ለመማር ግን በላቦራቶሪ ካሉት ኮምፒዩተሮች አንዱ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋበትም የማንም ልጅ ፎቶግራፍ አይጠፋም።

የቀረኝ ልመና ለወላጆች ነው። በየቤታችሁ፤ በሣጥን ውስጥም ሆነ በግድግዳ ላይ፤ ልጆቻችሁ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ፤ የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አምጡልን። እዚያው እናንተ እያያችሁ አንሥተን ወዲያው እንመልሳለን። በጀርባው የተጻፈ ስም ካለም አብረን እንጽፋለን። ያን በሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛ የቆመውን ልጅ የያዘ ፎቶግራፍ በአንዳችሁ ቤት ይኖር እንደ ሆነ፤ እባካችሁ አስቀድማችሁ ለእኔ ንገሩኝ፤ ወደ እናቱ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።